ከተማም እንደ ሕፃን ይመዘናል

  

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ቡና ላፈላ ስል አንድ ጎረቤቴ ከወንድ ልጃቸው ጋር መጡ። አባትየው እዚሁ ጫኖ የሙዝ ማሳ አላቸው፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ በሐሬ ወንዝ ውሃ የሚለማ። ልጁ ባጃጅ ይነዳል። የሁለቱም ፊት ደህና አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ደላላ ልጁን አግኝቶ፣ «ከተማው ወደ እናንተ እየመጣ ነው፤ ሳይቀድማችሁ ቅደሙት» ብሎታል። ማሳውን ቆራርሶ ቤት መሥሪያ ለሚፈልጉ ሰዎች መስጠት፣ በገንዘቡ ሁለተኛ ባጃጅ መግዛት፤ የልጁ ሐሳብ ይኼ ነው። አባትየው አይሆንም ብለው ለሦስት ቀን ተኳርፈዋል።

«ሲስተር፣ እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ ልጁ። «ከተማ ሲያድግ ጥሩ አይደለም እንዴ? እርስዎ ራስዎ ሁልጊዜ ልጅ ማደግ አለበት ይሉ የለም?»

ይህ ልጅ ሕፃን ሳለ በተንጠለጠለው ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው እሪ ብሎ ጤና ጣቢያውን ያናወጠ ነው። ዛሬ በራሴው ቃል ያዘኝ። ወዲያው አልመለስኩለትም፤ ቡናው እስኪፈላ አስብበታለሁ አልኩት። የዛሬው ጽሑፌ በዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ ነው፤ ሌሎቻችሁም ቤት ይህ ጥያቄ እንደሚነሣ ስለማውቅ ሰፋ አድርጌ ጻፍኩት።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ ከደጋው ወረደች። ያመጣችው ስላሳለው ነበር። «ሌላው ደህና ነው፤ ባለፈው ወር ከስቶ ነበር፣ አሁን ተመስገን ወፍሮልኛል» አለችኝ። እውነትም ጉንጩ ሞልቷል፣ እግሩ ድቡልቡል ብሏል። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ክብደቱ ጨምሯል። ደስ ብሎኝ ካርዱ ላይ ነጥቡን ከፍ አድርጌ ላስቀምጥ ስል አብራኝ የምትሠራው አንጋፋ ነርስ እጄን ያዘችኝ። የልጁን ሁለት እግሮች በሁለት አውራ ጣቶቿ ጫን አድርጋ ሦስት ሰከንድ ያህል ቆየች። ጣቶቿን ስታነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ልጁ አልወፈረም፤ አብጧል። የምግብ እጥረት ያመጣው እብጠት ነበር። ሚዛኑ አልዋሸም፤ ግን ውሃን ከሥጋ አይለይም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድ መለኪያ ብቻ ልጅ ደህና ነው ብዬ አላውቅም። ክብደቱን፣ ቁመቱን፣ እግሩን እንዲሁም የክንዱን ዙሪያ አያለሁ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ ክብደቱ ምንም ይሁን ምን፣ ጉዳቱ ከባድ ነው። አሁን ደግሞ «ከተማችን አደገች» ሲሉኝ ምኑ ላይ ተለክቶ ነው ብዬ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኛል።

አርባ ምንጭ ለጋ ከተማ ናት። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከደጋው ከጨንቻ ወደ ቆላው የወረደው በ1950ዎቹ ነው። ከላይ ሼቻ፣ ከታች ሲቀላ ሆና ተቆረቆረች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መጣ። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ እሱም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ አርባ ምንጭ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ተደረገች። ቢሮ ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፤ ሠራተኛ ሲመጣ ቤት ይፈለጋል።

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 40 ሺህ ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ሲቆጠር ወደ 75 ሺህ ደረሰ። በ12 ዓመት ተኩል ውስጥ እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ወደ ዓመት ስናወርደው 5 በመቶ አካባቢ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚጓዝ ከተማ በ14 ዓመት እጥፍ ይሆናል፤ አንድ ልጅ ተወልዶ ስምንተኛ ክፍል እስኪደርስ ማለት ነው።

ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ግን አገራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አልተካሄደም። ዛሬ የምንሰማቸው የከተማ ሕዝብ ቁጥሮች ግምት ናቸው። በእኛ በጤና ሰዎች አነጋገር፣ ፈጥኖ በሚያድግበት ዕድሜው ሚዛን ላይ ሳይወጣ የከረመ ልጅ ነው። እናቱ «ልብሱ ጠቦታል» ትላለች፤ በምን ያህል እንደሆነ ግን ካርዱ ላይ የለም።

ሰዉ ብቻ ቢቆጠርም አይበቃም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት 17 የዘላቂ ልማት ግቦችን ሲያጸድቁ አሥራ አንደኛውን ለከተሞች ሰጥተዋል። ዘላቂ የሚለውን ቃል በየስብሰባው ስለምንሰማው ትርጉሙ ደብዝዞብናል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ማለት ነው። በዚህ ግብ ሥር ካሉት መለኪያዎች አንዱ ለጫኖ ሰው በጣም ቅርብ ነው። የከተማው መሬት የሚሰፋበትን ፍጥነት የከተማው ሕዝብ ከሚያድግበት ፍጥነት ጋር ያነጻጽራል። ሁለቱ እኩል ከሄዱ ውጤቱ 1 ይሆናል። ከ1 በላይ ከሆነ መሬቱ ከሰዉ ቀድሟል።

በምሳሌ ላስረዳ። አንድ መንደር 1,000 ሰው በ10 ሄክታር ላይ ይኖራል እንበል። ለአንድ ሰው 100 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሰዉ 1,500 ሲሆን መሬቱ 15 ሄክታር ቢደርስ ያው 100 ካሬ ነው፤ ሰዉም ቦታውም አብረው አድገዋል። መሬቱ 25 ሄክታር ከደረሰ ግን ለአንድ ሰው 167 ካሬ ወጣ ማለት ነው። መንደሩ ሰፋ እንጂ በዚያው ልክ ሰው አላስጠለለም። አጥሩ ረዝሟል፣ ቧንቧውና የመብራት ምሰሶው ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ የተበላው ማሳ ግን አይመለስም። ይህ እብጠቱ ነው።

ተቃራኒውም በሽታ ነው። ያው 1,500 ሰው በ11 ሄክታር ውስጥ ቢጠቀጠቅ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 73 ካሬ ብቻ ነው። በወረቀት ላይ መሬት ተቆጥቧል፤ በቤት ውስጥ ግን አንዱ ሲያስል ስድስቱ ይታመማሉ። ሳንባ ነቀርሳ ስንከታተል የኖርን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። የመንግሥታቱ ድርጅት የከተሞች መርሐ ግብር አንድ ቤት ተጨናንቋል የሚለው በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው በላይ ሲኖር ነው። ስለዚህ አንዱ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም፤ የክብደትና የቁመት ነገር ነው፣ ጎን ለጎን መነበብ አለባቸው።

ወደ ጎረቤቴ ማሳ ልመለስ። በሐሬ ውሃ የሚጠጣ የጫኖ መሬት ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ ያበቅላል። አዲስ አበባ የሚገባው ሙዝ ብዙው በጭነት መኪና የሚሄደው ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ነው። ጠጠርና ሲሚንቶ የለበሰ ማሳ ሁለተኛ ሙዝ አያበቅልም።

ልጁ ያላሰበበት ሌላም ነገር ነበር። በሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ደላላው ያመጣው ዘዴ ሕግ የማያውቀው ነው። በእንዲህ ያለ ውል የሚሠራው ቤት እኛ የጨረቃ ቤት የምንለው ነው፤ በሌሊት ይቆማል፣ በቀን ሊፈርስ ይችላል። ገዢውም ሻጩም የሚሟገቱበት ወረቀት የላቸውም።

ሕጋዊው መንገድ ሌላ ነው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም መሬቱን ከፈለገው በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 አለ። በዚህ አዋጅ ከእርሻ መሬቱ ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ ተተኪ መሬት ካላገኘ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ 15 እጥፍ ይታሰብለታል። 15 እጥፍ ሲባል ብዙ ይመስላል። እኔ ግን ለልጁ እንዲህ አልኩት፤ «ያንተ ትልቋ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?» አምስት አለኝ። «እንግዲህ ዋጋ ባይጨምር እንኳ፣ ገንዘቡን በየዓመቱ እየቆነጠራችሁ ብትበሉት 20 ዓመት ሲሞላት ያልቃል። ማሳው ግን እሷ 20 ዓመት ሲሞላትም ያፈራል።» ዝም አለ። አባትየውም ዝም አሉ፤ እሳቸውም በዚህ መልክ አስልተውት አያውቁም ነበር።

ከመሬቱ ቀጥዬ የማየው ውሃውን ነው። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከቁልቁለቱ ግርጌ በጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፤ የምትጠጣውም ከእነሱ ነው። ጫካው ከነጭ ሣር ፓርክ ጋር የተያያዘ ነው። ምንጩ የሚመገበው ከላይ ከደጋው ከሚሰርገው ዝናብ ነው። ስለዚህ የከተማዋን ውሃ የሚጠብቀው ቧንቧ ሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ በጨንቻና በዶርዜ በኩል ያለው ዛፍና አፈር፣ ከታች ደግሞ በየቀኑ በማገዶ ተሸካሚ እናቶች ጀርባ የሚወጣው ጫካም ነው። እናቶቹን አልወቅስም፤ የከተማው ድስት በምን ይበስላል?

ይህ ቸል ሲባል ምን እንደሚሆን በአገራችን አይተናል። የሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት የምትጠጣው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ከተሞቹ ይጠጡታል፣ የጫትና የአትክልት ማሳዎች በፓምፕ ይስቡታል፣ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የሚታጠበው ደለል ይሞላዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሐይቁ ደረቀ፤ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ሜዳ ሆነ። ሐረር ከድሬዳዋ በኩል በረጅም ቧንቧ ውሃ ለማስመጣት ተገደደች። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሷል፤ ግን ቧንቧ የገባለትን ቤት ሲቆጥር የኖረ ከተማ ሐይቁን ሳይለካ ቢቀር ምን እንደሚገጥመው አሳይቶን ሄዷል።

ቧንቧ መኖሩ ብቻም አይደለም ጥያቄው፤ ውሃው በስንት ቀን ይመጣል? ይህ በቀጥታ ወደ በሽታ ይወስደኛል። ውሃ ሲቆራረጥ ሰው በበርሜልና በሮቶ ያጠራቅማል። ከዚህ በፊት በእስያ ከተሞች የምትታወቅ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። እሷ እንደ እኛ አገሮቹ ረግረግና ኩሬ አትፈልግም፤ በርሜል፣ ገንዳ፣ ቤት ሲሠራ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ይበቃታል። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ በበጋ ወራት በወባ ስትታመስ ተመራማሪዎች ከዚህች ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ወባ የገጠር በሽታ ነው የሚለው የድሮ ትምህርታችን እዚያ ላይ ተሰበረ።

የቀድሞዎቹ ትንኞችም አልለቀቁንም። የአገራችን ተመራማሪዎች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ከ2001 ዓ.ም. ጀምረው ለሁለት ዓመት ያህል እዚሁ ጫኖ ሚሌ ቤት ለቤት እየዞሩ ወባን ተከታትለው ነበር። ካገኙት አንዱ፣ በአባያ ሐይቅ በኩል ላለው የትንኝ መራቢያ የቀረቡ ቤቶች የበለጠ እንደሚታመሙ ነው። እንግዲህ ቤት ወደ ሐይቁ እየተጠጋ ሲሠራ የሚለካው የመሬቱ ዋጋ ብቻ መሆን የለበትም።

ሦስተኛው ቆሻሻ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ እናቶችና ልጆች ነበሩ። ክምሩ በአንድ ሌሊት አላደገም፤ ለአሥርተ ዓመታት እያደገ ከተማው አጠገቡ ድረስ መጣ። በአርባ ምንጭ ደግሞ ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. ሮዛ በሚባል ፕሮጀክት አንድ የሚያስቀና ነገር ተሞክሮ ነበር። ሽንትን ለብቻ የሚለዩ መጸዳጃ ቤቶች ተሠሩ፤ ወጣቶች ተደራጅተው ቆሻሻ መሰብሰብና ብስባሽ ማዘጋጀት ተለማመዱ። ሐሳቡ ከከተማ የወጣው ተረፈ ምግብ ማዳበሪያ ሆኖ ወደ ማሳ እንዲመለስ ነው። የጋሞ ደጋ ገበሬ እንሰቱን በከብት ፍግ ሲያኖር የኖረ ስለሆነ ነገሩ እንግዳ አልሆነበትም።

አራተኛው የልጆች ቦታ ነው። አንድ ከተማ ክፍት የሕዝብ ቦታ ከቤት በ400 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢኖረው ጥሩ ነው ይላል ዓለም አቀፉ መለኪያ። በአገራችንም ፕላን ሲወጣ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይባላል። ጋሞ ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። ዱቡሻችን ማንም አጥሮ የእኔ የማይለው፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ጉዳይ የሚያልቅበት ሜዳ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጡ ወጣቶችን የመለሱት አባቶች ይህን የሽምግልና ወግ የተማሩት በዱቡሻ ላይ ነው። የጨረቃ ቤት ሲደረደር መጀመሪያ የሚጠፋው እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ ባለቤት ያለው አይመስልምና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ከተማ አይደግ እያልኩ አይደለም። የማያድግ ልጅም በሽተኛ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጡ መንገድ ላይ የቀሩትን አስታውሳለሁ። ዛሬ ከጫኖ ሆስፒታል ለመድረስ መኪና ይገኛል፤ ይህ ከተማው ወደ እኛ በመቅረቡ የመጣ በረከት ነው። የአገራችን የከተማ ሕዝብም መጨመሩ አይቀርም። የዓለም ባንክ የማዕከላዊ ስታትስቲክስን ትንበያ ይዞ ባወጣው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከነበረው 15 ነጥብ 2 ሚሊዮን እ.ኤ.አ. በ2037 ወደ 42 ነጥብ 3 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። ይህ ሁሉ ሰው የሆነ ቦታ ማደር አለበት።

ስለዚህ ጥያቄው እንዴት ይደግ ነው። ከ2005 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና መቀሌ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እየተደገፉ አንድ ቀላል ዘዴ ሞክረዋል። ቤት ከመሠራቱ በፊት ከተማው ወደፊት በሚሰፋበት በኩል ዋና ዋናዎቹ መንገዶች የሚያልፉበትን መስመር ለክቶ፣ ወደ 30 ሜትር ስፋት ሰጥቶ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ እያራራቁ መያዝ ነው። ለልጅ ጫማ ሲገዛ አንድ ጣት ማስተረፍ ማለት ነው። ቤት ከቆመ በኋላ መንገድ ለማውጣት ስንት ቤት እንደሚፈርስ፣ ስንት እናት እንደምታለቅስ ሁላችንም አይተናል።

እኛስ በቤታችን ምን እናድርግ? ለከተማ ፕላን ባለሙያ የምናስተምረው ነገር የለም። ነገር ግን የልጅን እድገት ካርድ የምትይዘው እናት እንጂ ሐኪሙ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አንድ ደብተር አውጥታችሁ አምስት ነገር ጻፉ።

መጀመሪያ ውሃ፤ ባለፈው ወር ቧንቧው ያልመጣባቸው ቀናት ስንት ናቸው? የምትቀዱ ከሆነ ደርሶ መልስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ወረፋውን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ በላይ ከሆነ በዓለም አቀፉ መለኪያ እንኳ በቂ አገልግሎት አይባልም። ሁለተኛ ማደሪያ፤ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ይተኛል? ሦስተኛ ቆሻሻ፤ ከግቢያችሁ የወጣው የት ደረሰ? ማን ወሰደው? አራተኛ የልጆች ቦታ፤ ከደጃፋችሁ ልጅ መኪና ሳይፈራ እስከሚጫወትበት ሜዳ ስንት እርምጃ ነው? አምስተኛ መሬት፤ በግቢያችሁና በማሳችሁ ምግብ የሚያበቅለው ስንት ነው? ሲሚንቶ የለበሰውስ? ከጎኑ በዓመቱ ውስጥ ልጆቹ ስንት ጊዜ በወባና በተቅማጥ እንደታመሙ ብትጨምሩበት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የአንድ ዓመት ቁጥር ብዙ አይናገርም። የሦስት ዓመት ቁጥር ሲደረደር ግን መስመሩ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ይታያል። የአሥር ቤት ደብተር ይዞ ቀበሌ ስብሰባ የሚሄድ ሰው ደግሞ «ችግር አለብን» ከሚል ሰው በተሻለ ይደመጣል።

ለሌላው ከመምከሬ በፊት የራሴን ቤት ለካሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የምኖርበት ቤት የቆመው ቀድሞ ሙዝ በነበረበት መሬት ላይ ነው። ግቢው 400 ካሬ ነው፤ የምንኖረው ደግሞ እኔ፣ ባለቤቴና አንድ የልጅ ልጄ ነን። ለአንድ ሰው 133 ካሬ ሆነ። ከዚያ ውስጥ ምግብ የሚያበቅለው ሁለት የሀለኮ ዛፍና አንድ ማንጎ ያሉበት ጥግ ብቻ ነው። የቀረውን ለመኪና ማቆሚያ ብለን በሲሚንቶ አልብሰነዋል፤ መኪና የለንም። ባለፈው ወር ቧንቧው 11 ቀን አልመጣም። በርሜሉን ከፍቼ በባትሪ ሳየው የትንኝ እጮች ሲዋኙ አገኘሁ። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስተምር ኖሬ ይህ በደጄ ተገኘ። በርሜሉን በዚያው ቀን ደፍቼ፣ ፈግፍጌ፣ በጥብቅ ጨርቅ ከደንኩት። ሲሚንቶውን ደግሞ ልጆቼ ለበዓል ሲመጡ ግማሹን እናፈርሰዋለን ብለን ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል።

አባትና ልጅስ ምን ላይ ደረሱ? ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ቁጭ ብለው የሦስት ዓመት የሙዝ ገቢ ማስላት ጀመሩ። የተጻፈ ነገር ስለሌለ በየጭነቱ እያስታወሱ ነበር፤ በመካከሉ ተከራከሩ፣ ተሳሳቁም። የወጣው ድምር ልጁ ከገመተው በላይ ነበር። አባትየው ደግሞ ከድምሩ ውስጥ ለልጁ የሚደርሰው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በዓይናቸው አዩ። ወጣት ከማሳው ድርሻ ካላየ ማሳውን ሊወደው አይችልም፤ ይህን ለአባቶች ሁሉ እላለሁ። ውሳኔ ላይ አልደረሱም። ለደላላው ግን «ቆይ» የሚል መልስ ሄዶለታል፤ ልጁም በማግስቱ ገመድ ይዞ ማሳውን ሲለካ አይቼዋለሁ።

እናንተም ደብተራችሁን ጀምሩና ያገኛችሁትን ጻፉልኝ። እስከ ሳምንት በሰላም ቆዩ።